ሙስታንግን ከሚኒሶታ ክረምት ማሻገር፦ የአነዳድና የአጠባበቅ መመሪያ

ይህ መመሪያ የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ የሚሄድ የስፖርት መኪና ይዞ በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት፣ ወይም እንደ ሚኒሶታ ብርዱ በሚጠናበት ቦታ ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ ነው። ምሳሌ የማደርገው እኔ ራሴ ስድስት ክረምት ያሳለፍኩበትን የ2016 ሥሪት ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ነው፤ ካማሮ ወይም ማዝዳ ሚያታ ያለው ሰው ግን ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ለውጦ ሊጠቀምበት ይችላል። ክረምት ስል የአገር ቤቱን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በሚኒያፖሊስ የጃንዋሪ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ደግሞ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ወርዶ ነበር። በዚህ ብርድ መኪናውን የሚያበላሸው ብዙ ሰው እንደሚገምተው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የማይሆን ጎማ፣ የመንገድ ጨውና የባለቤቱ ውሳኔ ማጣት ነው።

አንደኛ፦ ይነዳል ወይስ ያርፋል?

ኦክቶበር ሳያልቅ አንድ ነገር ይወስኑ፤ መኪናው ክረምቱን ሙሉ ይነዳል፣ አለዚያም ክረምቱን ሙሉ ያርፋል። ሦስተኛ መንገድ ያለ ይመስላል፤ እሱም መኪናውን ደጅ አቁሞ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ሞተሩን ማስነሳት ነው። እኔም በመጀመሪያው ክረምት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ከሦስቱም የከፋው ደግሞ እሱ ሆኖ አገኘሁት። ማርች ላይ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ከሥሩ እንደ አይብ የነጣ ነገር ተለጥፎበት ነበር፤ ባትሪው ሞቷል፤ የኋላ የፍሬን ሸራዎች ከዲስኩ ጋር ተጣብቀው መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ቀጭ ብለው ተላቀቁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በሚገባ ሲሞቅ እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው በኩል ተጠራርጎ ይሄዳል፤ ሞተሩ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ቆሞ ሲሠራ ግን በቀዝቃዛው ብረት ላይ ወደ ውሃነት ይመለስና በማርሚታው ውስጥና በዘይቱ ላይ ይቀራል። ባትሪውም ቢሆን ሞተሩን ለማስነሳት ያወጣውን ኃይል በዚያች አጭር ጊዜ መልሶ አያገኝም። ስለዚህ ሁለተኛ መኪናና ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ካለዎት ሙስታንጉን ያሳርፉት፤ ከታች ወደ ስምንተኛው ክፍል ይለፉ። ወደ ሥራ የሚሄዱበት መኪና ይኸው ብቻ ከሆነ ደግሞ ሳይሳቀቁ ይንዱት፤ በትክክል ከተዘጋጀ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ጎማ

የዚህ መመሪያ ግማሽ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። የስፖርት መኪኖች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት የበጋ ጎማ ተገጥሞላቸው ነው። የበጋ ጎማ የተሠራበት ጎማ ሙቀት ሲያገኝ እንዲለሰልስና አስፋልት እንዲነክስ የተቀመመ ስለሆነ፣ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በረዶ ባይኖር እንኳ በደረቅ መንገድ ላይ መያዝ ይተዋል። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪና ከዚያም በታች ሲሆን ደግሞ ጎማ አምራቾች ራሳቸው እንደሚያስጠነቅቁት የጎማው ጥርስ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ ቀዝቅዞ ያደረን ጎማ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቦታ ቀስ በቀስ ሳይሞቅ ማንቀሳቀስ አይገባም። በመጀመሪያው ኖቬምበር አንድ ጠዋት ጥርሱን በጥፍሬ ስጫነው እንደ ፕላስቲክ ጄሪካን ደረቀብኝ፤ በዚያው ቀን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ወደ አንድ የማቆሚያ ምልክት እየተጠጋሁ ፍሬን ብረግጥ፣ መኪናው ምንም እንዳልተባለ መስቀለኛውን መንገድ አልፎ ወዲያ ማዶ ቆመ። በሰዓቱ የሚመጣ መኪና አለመኖሩ ዕድል እንጂ ሌላ አልነበረም።

የክረምት ጎማ ሲገዙ በጎኑ ላይ የበረዶ ቅንጣት በውስጡ የያዘ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። "ኤም ፕላስ ኤስ" (ጭቃና በረዶ) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ እሱ የጥርሱን ቅርጽ የሚገልጽ የአምራቹ ቃል ነው እንጂ በበረዶ ላይ ተፈትኖ የተገኘ ማረጋገጫ አይደለም። ሚኒሶታ የክረምት ጎማ በሕግ አታስገድድም፤ በካናዳ ኬቤክ ያሉ ወገኖች ግን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ግዴታ እንዳለባቸው፣ ጀርመን ያሉትም ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በበረዷማ መንገድ ተቀባይነት ያለው የተራራው ምልክት ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ምስማር ያለው ጎማ ለሚኒሶታ ነዋሪ የተከለከለ ስለሆነ እሱን አያስቡት።

አራቱንም ጎማ ይለውጡ። ኃይሉ ከኋላ ነው ብሎ የኋላ ሁለቱን ብቻ መለወጥ መኪናው እንዲነሳ ይረዳል፤ ለመቆምና ለመታጠፍ ግን ሥራው በአብዛኛው የፊት ጎማዎች ነው፤ መነሳት የሚችል መቆም የማይችል መኪና ጨርሶ ባይነሳ ይሻላል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ለክረምት ጠበብ ያለ ጎማ ይመረጣል፤ ሰፊ ጎማ በለስላሳው በረዶ ላይ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ ጠባቡ ሰንጥቆ ወደ መንገዱ ይደርሳል። ፐርፎርማንስ ፓኬጅ የሚባለው፣ ትልልቅ ፍሬኖች ያሉት የፋብሪካ አማራጭ ያለው የ2016 ሙስታንግ ጂቲ (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የመጨረሻው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው) ከፊት 255/40 አር 19፣ ከኋላ 275/40 አር 19 ይዞ ይመጣል፤ ይህ ፓኬጅ የሌለው ጂቲ ደግሞ በአራቱም 235/50 አር 18 ነው፤ ለክረምት የሚሻለውም ይህኛው ነው። ጎኑ ወፈር ስለሚል በረዶ የፈነቀለው ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ቸርኬውን ያድንልዎታል። ይሁን እንጂ የትልልቆቹን ፍሬኖች መያዣ የማይነካ ቸርኬ መሆኑን ሳያረጋግጡ ባለ 18 ቸርኬ አይግዙ፤ ገጥሞ ማየት ከመግዛት ይቀድማል።

የክረምቱን ጎማ በራሱ ቸርኬ ላይ አስገጥመው ቢይዙት፣ በየዓመቱ ጎሚስታ ዘንድ ሁለት ጊዜ ማስፈታቱ ይቀርና ቅያሪው ቤትዎ ደጃፍ ላይ በክሪክ የሚያልቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ይሆናል። የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ማግሥት ጎማ ቤቶች ፊት የሚታየው ሰልፍ ለታቦት የወጣ ሕዝብ ይመስላልና በኦክቶበር ቀጠሮ ይያዙ። ዳዶዎቹን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ፣ በቶርክ ሬንች፣ በ150 ፓውንድ ፉት፣ ማለትም በ204 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ ይህ ቁጥር ከ2015 ወዲህ ለተሠራው ሙስታንግ ነው፤ ሌላ መኪና ያለው ሰው የራሱን መጽሐፍ ይመልከት። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ደግመው ያጥብቁ።

የጎማ ነፋስ በብርድ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይጎድላል። በኦክቶበር 32 የነበረው ጎማ በጃንዋሪ 26 ሆኖ ቢያገኙት ተቀዷል ማለት አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ሳይነዱ፣ ይለኩ። የሚያወልቋቸውን የበጋ ጎማዎች አጥበውና አድርቀው ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያስቀምጡ፤ የትኛው ከየት እንደወጣ በቾክ ይጻፉባቸው።

ሦስተኛ፦ ባትሪና ፈሳሾች

ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ሞተር የማስነሳት ኃይሉን ከግማሽ በላይ ያጣል፤ ሞተሩ በበኩሉ ዘይቱ ስለሚወፍር ለመዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያለፈውን ባትሪ በኖቬምበር ያስመርምሩ፤ መለዋወጫ የሚሸጡ ብዙ ሱቆች በነፃ ይለካሉ። ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ በሚኒሶታ ብርድ አይጋግርም፤ ባዶው ግን ይጋግራል፣ ሲጋግርም ይሰነጠቃል።

የራዲያተሩ ፈሳሽ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ አንቲፍሪዝ ከሆነ እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ በርካሽ መለኪያ ማወቅ ይቻላል። በጋ ላይ ውሃ ጨምረውበት ከነበረ ይህን አይዝለሉት። የመስታወት ማጠቢያውን የበጋ ፈሳሽ እስኪያልቅ ረጭተው ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ የሚችለውን ይሙሉ። የሞተር ዘይት ለ5.0 ሊትሩ ሞተር መጽሐፉ የሚያዘው 5 ደብሊው 20 ነው፤ ለብርድ ስለሚስማማ መለወጥ አያስፈልግም።

አራተኛ፦ ጨው

ሚኒሶታ ውስጥ መኪና የሚገድለው በረዶ ሳይሆን ጨው ነው። ተራው የመንገድ ጨው ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በረዶ የማቅለጥ አቅሙ ስለሚዳከም፣ በዚያን ጊዜ የማግኒዥየም ክሎራይድና ሌሎች ጨዎች ቅልቅል ይረጫል፤ እነዚህ ደግሞ እርጥበት ከአየር እየሳቡ ላሜራው ላይ ተጣብቀው ይቆያሉ። መንገዱ ደርቆ ነጭ ሆኖ ሲታይ "ዛሬስ ንጹሕ ነው" ብለው እንዳይታለሉ፤ ያ ነጭ ዱቄት ራሱ ጨው ነው።

ከመጀመሪያው ጨው በፊት መኪናውን በደንብ አጥበው ሰም ይቀቡት፤ ከሁሉ በላይ ግን ሥሩን ያስቀቡ። ለዚህ የምመክረው ከበግ ሱፍ ቅባት የተሠራውን፣ ላኖሊን የሚባለውን ለስላሳ ቅባት ነው። ሳይደርቅ ስለሚቆይ በመገጣጠሚያዎች ውስጥ እየሰረገ ይገባል፤ በየዓመቱ መደገም አለበት። እንደ ጥቁር ጎማ የሚደርቀውን ወፍራም ቅብ ግን እፈራዋለሁ፤ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ጨዋማ ውሃ ከሥሩ ገብቶ ይቀመጥና ዝገቱ ሳይታይ ይሠራል። ቅባቱ የፍሬን ዲስክና የጭስ ማውጫ ቱቦ እንዳይነካ ሠራተኛውን በቃል አስጠንቅቀው ራስዎም ቆመው ይዩ።

በክረምት ማጠብ ሰነፍ የሚያደርግ ሥራ ነው፤ ሆኖም በየአሥር ወይም አሥራ አምስት ቀኑ፣ የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ የተጠጋበትን ቀን መርጠው፣ ሥሩን በሚረጭ ማጠቢያ ያሳልፉት። ብሩሽ ያላቸው ማጠቢያዎች ከእርስዎ በፊት የገባውን መኪና አሸዋ በእርስዎ ቀለም ላይ ይፈትጉታል፤ በውሃ ግፊት ብቻ የሚያጥበውን ይምረጡ። ከወጡ በኋላ የበሮቹን ጠርዝና ጎማ ማተሚያውን በጨርቅ ያድርቁ፤ እየነዱም ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ቀስ ብለው እየረገጡ ዲስኩን ያድርቁት።

አንድ ሰዎች የሚገረሙበት ነገር አለ። ማሞቂያ ያለው ጋራዥ ለመኪናው ሁልጊዜ ውለታ አይደለም። በብርድ የረጋ ጨው ብረት የመብላት ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ሲገባ ይቀልጥና በየሌሊቱ ያለ እረፍት ይበላል። ሞቃት ጋራዥ ካለዎት ከመግባትዎ በፊት በጎማው ዙሪያ የተከመረውን ጥቁር በረዶ አራግፈው፣ በሳምንት አንድ ቀን ወለሉን አጥበው ውሃውን ይጥረጉ።

አምስተኛ፦ በርና መስታወት

የሙስታንግ በር መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዝ ክፈፍ የለውም። የበሩን እጀታ ሲነኩ መስታወቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይልና ከጎማ ማተሚያው ይላቀቃል፣ በሩ ሲዘጋ ተመልሶ ይወጣል። ቀን ቀልጦ ሌሊት የጋገረ ውሃ መስታወቱን ከማተሚያው ጋር ሲያጣብቀው ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ትቀራለች። በዚህ ሁኔታ በሩን በኃይል የሚጎትት ሰው ማተሚያውን ይቀድዳል ወይም መስታወቱን ይሰብራል። ቢከፈትም መልሰው ሲዘጉት መስታወቱ ከጣሪያው ጠርዝ ጋር ይጋጫል።

መከላከያው አንድ የሲሊኮን ቅባት ነው። በኖቬምበር፣ ከዚያም በየወሩ፣ ማተሚያውን በጨርቅ ጠርገው በስሱ ይቀቡት። ከተጣበቀ ግን በመዳፍዎ የበሩን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይግፉ፤ ሲገፋ በረዶው ይሰነጠቃል። ካልሆነ በሌላኛው በር ገብተው ሞተሩን አስነሥተው ማሞቂያው እስኪያላቅቀው ይጠብቁ። ሙቅ ውሃ መስታወት ላይ እንዳይደፉ፤ የጎረቤቴ የፊት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ሲተረተር በዓይኔ አይቻለሁ።

ስድስተኛ፦ አነዳድ

ሞተሩን ካስነሡ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ነዳጅ ማባከን ነው፤ ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ በቂ ነው። መስታወቱን ሁሉ፣ መብራቶቹንና ጣሪያውን እስኪጠርጉ ያ ጊዜ አልፏል። ዝቅ ያለ መኪና የጭስ ማውጫው በበረዶ ሊደፈን ስለሚችልና መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከማስነሳትዎ በፊት ወደ ኋላ ዞረው ቱቦዎቹን ያጽዱ። ከዚያ የመጀመሪያውን አሥራ አምስት ደቂቃ በለስላሳ ይንዱ፤ የሚቀዘቅዘው ሞተሩ ብቻ አይደለም፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና የጎማው ጎን ጭምር ነው።

የአነዳድ ምርጫውን "ስኖው ዌት" (በረዶና እርጥብ) በሚለው ላይ ያድርጉ፤ ነዳጅ መስጫው እንዲሰንፍ ያደርግልዎታል። የእጅ ማርሽ ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ይነሱ፤ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ይልቀቁ። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከጎማው አንድ ሥራ ብቻ ይጠይቁ። መጀመሪያ በቀጥታ መስመር ላይ ፍሬን ይያዙ፣ ቀጥሎ ፍሬኑን ለቀው ይታጠፉ፣ መሪው ሲቃና ብቻ ነዳጅ ይስጡ። ከፊትዎ ካለው መኪና ጋር በጋ ላይ ሦስት ሰከንድ የሚተዉ ከሆነ አሁን ስምንት ወይም አሥር ይተዉ፤ ፍጥነቱን በራሱ የሚጠብቀውን ክሩዝ ኮንትሮልን ይርሱት።

ከኋላ የሚገፋ መኪና ነጂዎች የሚዘነጉት የማርሽ ማውረድን ነው። በበረዶ ላይ ማርሽ አውርደው ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቁ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ይይዛል፤ ይህም የእጅ ፍሬን እንደመሳብ ነው፣ ጭራው ይሸሻል። እንዲህ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ይርገጡ፤ ጎማዎቹ ነፃ ይሆኑና መሬት ይይዛሉ። አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ኒውትራል ያስገቡ። ጭራው ወደ ቀኝ ከሸሸ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሸሸ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ፍሬን አይርገጡ፤ ዓይንዎን ከምሰሶው ላይ አንሥተው መሄድ ወደሚፈልጉበት ያድርጉ፣ እጅ ዓይንን ይከተላልና። መኪናው እየተስተካከለ ሲመጣ መሪውን ቶሎ መመለስ እንዳይረሱ፤ ብዙ ሰው የሚገለበጠው በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው መወዛወዝ ነው። የፊቱ ካልታጠፈልዎት ደግሞ መሪውን ይበልጥ አይጠምዝዙ፤ ነዳጅ ለቀው፣ መሪውን ጥቂት መልሰው ጎማው እስኪነክስ ይታገሡ። ይህን ሁሉ በወረቀት ሳይሆን በእግርና በእጅ መልመድ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱን አስፈቅደው በባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ቢለማመዱ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

አደገኛው ቀን ብርዱ የጠናበት ነው ብለው አያስቡ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በረዶ ደረቅ ነው፣ ጎማ ይይዛል፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን በላዩ ላይ ስስ ውሃ ያዝላልና እንደ ሳሙና ይሆናል። ብላክ አይስ የሚሉት የማይታይ በረዶም የሚበዛው በዚህ ጊዜ፣ በተለይ ከሥሩ አየር በሚያልፍበት ድልድይ ላይ ነው። በድልድይ ላይ ሲሆኑ መሪም ፍሬንም ነዳጅም እንዳለ ይተዉት።

አንድ ምልክት በስህተት እንዳያስደነግጥዎት። ትልቅ በረዶ ከወረደ በኋላ በፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መሪው ክፉኛ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እኔ ተሽከርካሪው ተሰብሯል ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ሆኖም ችግሩ በቸርኬው የውስጥ ጎን ተጠቅጥቆ የጋገረ በረዶ ነበር፤ ሚዛኑን ያሳተውም እሱ ነው። በእጅ ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ያውጡት፤ በብረት አይምቱት።

የኋላው ክፍል ክብደት እንዲያገኝ አንዳንዶች አሸዋ ይጭናሉ። አራት ጥሩ የክረምት ጎማ ላለው ግድ አይደለም፤ ቢጭኑ ግን በኋላ ጎማዎች ትክክል፣ ሁለት ባለ 27 ኪሎ ከረጢት ይበቃል፤ ሲጋጭ ወደ ፊት እንዳይወረወር ያስሩት። ሲጣበቁም አሸዋው ራሱ ያወጣዎታል።

በረዶ ውስጥ ከተቀረቀሩ ነዳጅ እየረገጡ ጎማ አያሽከርክሩ፤ ግጭቱ በረዶውን አቅልጦ መልሶ ያጋግረዋል። የጎማዎቹን ፊትና ኋላ በአካፋ ያጽዱ፤ የመኪናውን ሆድ ይመልከቱ፣ ሙስታንግ ዝቅ ስለሚል ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከሆዱ ሥር የተጠቀጠቀው በረዶ ነው። ከዚያ የጎማን መሽከርከር የሚገታውን ትራክሽን ኮንትሮል አጥፍተው፣ በሁለተኛ ማርሽና በኋላ ማርሽ እያፈራረቁ ቀስ ብለው ያወዛውዙት፤ ሲወጡ መልሰው ያብሩት። የወረደው በረዶ ከፊት ፓራውልት ከፍታ በላይ ከሆነ ግን ያን ቀን ከቤት አይውጡ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሰባተኛ፦ ማቆም

መንገድ ላይ የሚያቆም ሰው የከተማውን ደንብ ማወቅ አለበት። ሚኒያፖሊስ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ ሦስት ቀን ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የበረዶ መንገድ ተብለው በተመደቡት ጎዳናዎች በሁለቱም ጎን አይቆምም። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በሌሎቹ መንገዶች ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው ቤቶች በኩል፣ በፓርክዌይ (በመናፈሻ ዳር ባሉ መንገዶች) ደግሞ በሁለቱም ጎን ክልክል ነው። በሦስተኛው ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ኢተጋማሽ ቁጥር ባለበት በኩል። ጎረቤት ከተማዋ ሴንት ፖል የራሷ ሌላ ሥርዓት አላት። የሰዓት አቆጣጠሩን ያደናገረ ሰው ቅጣቱን፣ የጎታቹን ዋጋና የማሳደሪያውን ይከፍላል፤ ከዚህም በላይ ሰንሰለት የሚጠቀም ጎታች ዝቅ ያለ መኪና ሲያነሳ የፊት ከንፈሩን አይምርም።

ሌሊት ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ እርጥብ ከሆነ ጋግሮ ይይዛል። የእጅ ማርሽ ከሆነ በመጀመሪያ ማርሽ ይተዉት፣ ቁልቁለት ላይ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ያዙሩ።

ስምንተኛ፦ ለሚያሳርፉት

ማሳረፍ ማለት ማቆም ብቻ አይደለም። ያረጀ ዘይት አሲድና እርጥበት ስለሚይዝ በመጨረሻው ሳምንት ይቀይሩት። ታንኩን ይሙሉ፤ የነዳጅ ማቆያ ፈሳሽ ጨምረው ሩብ ሰዓት ይንዱ፣ ወደ ነዳጅ መስመሩ እንዲደርስ። በሚኒሶታ ኢታኖል (ከእህል የሚሠራ አልኮል) ያልተቀላቀለበት ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን አንዳንድ ማደያዎች ላይ ይገኛል፤ ሕጉ ለማን እንደሚፈቅድ ማደያው ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። ካላገኙ ኢታኖል ያለበትም ከማቆያው ጋር ክረምቱን ያልፋል።

መኪናውን አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። ጎማውን ጥቂት ፒኤስአይ ከፍ ያድርጉ፣ በጎኑ ከተጻፈው ጣሪያ ሳያልፉ። የእጅ ፍሬኑን ለቀው ከጎማው ሥር ማገጃ ያድርጉ። ባትሪውን ቀስ እያለ በሚሞላና ሲሞላ በራሱ በሚያቆም ቻርጀር ላይ ይተዉት። የሚተነፍስ ጨርቅ ያልብሱት፤ የፕላስቲክ ሸራ ላብ ይይዛል። አይጥ ግን አይናቁ፤ በመኪናው ውስጥ የቀረች አንዲት የቆሎ ፍሬ ትበቃዋለች። የጭስ ማውጫውን በብረት ሱፍ ይድፈኑ፣ መሪው ላይም "ሱፉን አውጣ" የሚል ወረቀት ያንጠልጥሉ። መድኑን ጨርሶ ከመሰረዝዎ በፊት ለሚያርፍ መኪና የሚሆን ውል እንዳለ ይጠይቁ፤ ብድር ያለበት መኪና ከሆነ ባንኩን ሳያናግሩ ምንም አይንኩ። ከዚያ በኋላ፣ እባክዎ፣ እስከ አፕሪል አያስነሡት።

ዘጠነኛ፦ መመለስ

መጋቢት ሲገባ ፀሐይ ታታልላለች። እ.ኤ.አ. በ2018 አፕሪል አጋማሽ ላይ በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ 40 ሴንቲሜትር የሚሆን በረዶ ወርዶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት የበጋ ጎማ ገጥመው የነበሩት ሰዎች በአውቶቡስ ተመላለሱ። ሌሊቱ ራሱ ከ7 ዲግሪ በላይ መዋል ሲጀምርና ሁለት ደህና ዝናብ መንገዱን ካጠበው በኋላ ብቻ ይለውጡ።

ያረፈውን መኪና ከማስነሳትዎ በፊት የብረት ሱፉን ያውጡ፣ ዘይትና ፈሳሾችን ይዩ፣ የጎማ ነፋስ ይለኩ፤ የአየር ማጣሪያውንም ሳይከፍቱ ቁልፉን አይጫኑ። እኔ ባለፈው ዓመት ክዳኑን ሳነሳ በማጣሪያው ላይ አንድ ጭልፋ የሚሞላ የሱፍ አበባ ቅርፊትና ከወንበሩ ስፖንጅ የተፈለፈለ ጎጆ አገኘሁ።